ሰማይ የሚያሳየው የውሃ አባት

ድሮ ነው። አውሬ ሁሉ አፍ አውጥቶ ሲነጋገር፣ ተራራና ሜዳ ገና ድንበር ሳይካለሉ፣ ስሙን ማንም ያልነገረን አንድ አገር ነበረ። ስሙ ባይታወቅም ችግሩ ይታወቃል፤ ውሃ የለውም። ከገደሉ ሥር፣ ከቋጥኝ ስንጥቅ ጠብ ጠብ የምትል አንዲት ምንጭ ብቻ ነበረችው። ዝናብ የዘገየ እንደሆነ ዝሆኑም ጉንዳኑም ዓይኑን የሚጥለው እሷ ላይ ነው።

በዚያ አገር ወግ ውሃ ያለ ተራ አይጠጣም። ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያደረው ከድንጋዩ ገንዳ ይጠራቀማል፤ ሲነጋ የውሃ አባት የሚባለው ሹም ከገንዳው አጠገብ ይቆምና ለእያንዳንዱ ቤት በቅል እየሰፈረ ያድላል። ከእሱ በቀር ሌሊት ወደ ምንጩ የሚጠጋ የለም፤ ክልክል ነው። የውሃ አባትነት ሹመትም ነው፣ አደራም ነው። ሹመቱን የሚፈልግ ሞልቷል። አደራውን የሚፈልግ ግን ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም እንጃ።

በዚያ ዘመን የውሃ አባት የነበረው አያ ቀበሮ ነው። እንዴት ተሾመ ትሉኝ እንደሆነ፣ በወሬ ነው። አንድ በጋ ከአገር ጠፍቶ ከረመና ሲመለስ «ኮከብ ከሚቆጥሩ ሊቃውንት ዘንድ ተምሬ መጣሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሲራመድ ቀስ ብሎ፣ ሲናገር ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ ሆነ። የአገሩ ዳኛ አባ ጉሬዛ፣ እኚያ ነጭ ካባቸውን ተጀቡነው ዋርካ ላይ የሚቀመጡት፣ ይህን ባዩ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ሰማይን ያወቀ ምድርን እንዴት ያጣዋል!» አሉና ምንጩን አስረከቡት። ሰማይ ስላወቀ ውሃ ሰጡት፣ እንግዲህ ምን ይባላል!

እመት ጃርት ደግሞ ባሏን ነብር የበላባት፣ ከአንድ ልጇ ጋር በጉድጓድ የምትኖር ጭምት ሴት ነበረች። ልጇን ቆንጥር ብላ ነው የምትጠራው፤ ስሙ ነው እንጂ እሾኹ ገና አልጠነከረም። እመት ጃርት ከማንም አትጣላም፣ የማንንም አትነካም። ሥሯን ትምሳለች፣ ሲነጋ ተራዋን ጠብቃ ቅሏን አስሞልታ ትመለሳለች። ሙሉ ዕድሜዋን አፍንጫዋ አፈር ላይ ነበር።

በጋው ጠና። አንድ ቀን ማለዳ ተራዋ ደርሶ ቅሏን ብትዘረጋ አያ ቀበሮ ግማሽ ሰፍሮ መለሰላት። በማግስቱ ከግማሽም ጎደለ። ከዚያ ወዲያ የቅሉን ቂጥ ማርጠብ ብቻ ሆነ። ሚዳቋዋ አጉረመረመች፤ አያ ጅቦም ባዶ ቅሉን ገልብጦ አሳየ። እመት ጃርትም እንደምንም ደፍራ፣

«አያ ቀበሮ፣ ምንጩ እንደ ድሮው ሲንጠባጠብ እንሰማዋለን። ውሃው ምነው አነሰብን?» ስትል ጠየቀችው።

«እመት ጃርት፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው» አለ ቀበሮ፣ ጢሙን እያሻሸ። «ግን እዚህ ገንዳ ሥር ሆኖ አይመለስም። ማታ ሁላችሁም ኮረብታው ላይ ውጡ፣ አስረዳችኋለሁ።»

ሲመሽ አገሩ ሁሉ ባዶ ሆዱንና ደረቅ ጉሮሮውን ይዞ ኮረብታው ላይ ወጣ። ደመና የሚባል ነገር የለም፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር በኮከብ ተሞልቷል።

«ያቺን ነጥብ አያችኋት?» አለ አያ ቀበሮ።

«አየናት» አሉ።

«ነጥብ መሰለቻችሁ አይደል? ፀሐይ ናት። ከእኛዋ ፀሐይ ትበልጣለች፤ ርቃ ነው ያነሰችው። ከእሷ ወዲያ ሌላ አለ፣ ከሌላው ወዲያ ሌላ አለ፣ ማለቂያ የለውም። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ምንድን ነን? ብናኝ! የብናኝ ጥም ደግሞ ምን የሚሉት ጥም ነው?»

ልብ በሉ፣ ያለው ሁሉ ውሸት አይደለም። ኮከቦቹ እንዳለው ናቸው፣ ሰማዩም እንዳለው ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ አንዱ ተነስቶ «ዋሽተሃል» ይለው ነበር። ክፋቱ፣ እውነት ተናግሮ ውሃ መስረቁ ነው።

እመት ጃርት አንገቷን ቀና ያደረገችው ያን ማታ የመጀመሪያዋ ነበር። ደነገጠች። ደስም አላት። ይህን የሚያህል ነገር በላይዋ ተዘርግቶ ሲኖር አንድ ቀን እንኳን ቀና ብላ አለማየቷ አሳፈራት። ወዲያው ደግሞ ስለ አንድ ቅል ውሃ አፏን መክፈቷ የባሰ አሳፈራት። ሁሉም እንደ እሷ አንገቱን ደፍቶ ከኮረብታው ወረደ።

ጉድጓዷ ስትገባ ቆንጥር ነቅቶ ጠበቃት።

«እማ፣ ጠማኝ።»

«ልጄ፣ እኛ እኮ ብናኝ ነን» አለችው፣ የሰማችውን ልታስረዳው ብላ። «ሰማዩን ብታየው… እኛ ከምንም አንቆጠርም።»

ቆንጥር ግን፣ «ብናኝም ይጠማዋል?» አላት።

እመት ጃርት የራሷን ድርሻ አጠጣችውና ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ አደረች።

ከዚያ ወዲያ ውሃው በጎደለ ቁጥር ያው ነው። «አያ ቀበሮ፣ ውሃው ጎደለ» ይላሉ። «ማታ ኮረብታው ላይ ውጡ» ይላል። ይወጣሉ። «ከእሷ ወዲያ ሌላ አለ፣ ከሌላው ወዲያ ሌላ አለ፤ እኛ ምንድን ነን? ብናኝ!» ይላል። አንገታቸውን ደፍተው ይወርዳሉ። የሚያናድደው ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ኋላ ኋላ የሚያሳፍራቸው ቀበሮ መሆኑ ቀረና እርስ በርሳቸው ይተፋፈሩ ጀመር። ሚዳቋዋ «ጠማኝ» ስትል ጅቡ «አታፍሪም? ከዚህ ሁሉ ኮከብ በታች!» ይላታል። ጅቡ፣ ያ ሆዳሙ ጅብ! ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ «ምን ይደረግ፣ ብናኝ ነን» እያለ ይቆዝማል። አገር እንዲህ ነው የሚዘረፈው፤ በጉልበት አይደለም፣ ተዘራፊው ራሱን ሲንቅ ነው።

ከእመት ጃርት ጉድጓድ አጠገብ አንዲት አሮጊት ሽኮኮ ነበረች፣ እማማ ሽኮኮ። ቆንጥር ሲወለድ ያዋለደችው እሷ ናት። ጥርስ የላትም፣ ጉልበት የላትም፤ የሚደርሳትን ጠብታ ግን ለልጅ ልጆቿ እያካፈለች «እኔ ጠጥቻለሁ» ትል ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከድንጋዩ ጥላ ሥር እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። የውሃ ጥም ነው የገደላት። ሌላ በሽታ አልነበረባትም።

ለቅሶ ተቀመጡ። አልቃሾቹ እንባ እንኳን አጡ፤ እንባም ውሃ ነዋ። በዚህ መሃል አያ ቀበሮ ቀስ ብሎ መጣ፣ ከመሃላቸውም ተቀመጠ፣ ዓይኑንም ወደ ላይ ሰቀለ።

«አትዘኑ» አለ። «ሐዘን የሚመጣው ራስን ትልቅ ከማድረግ ነው። ከእነዚያ ከዋክብት ሆኖ ለሚያይ፣ አንዲት ሽኮኮ ኖረች አልኖረች ምን ይታያል?»

እመት ጃርት ቀና ብላ አየችው። ሰማዩን አይደለም፣ እሱን አየችው። የጸጉሩ ማማር! የጉንጩ መሙላት! የሁሉም አፍንጫ እንደ ጠፍ መሬት ተሰነጣጥቆ ሳለ የእሱ አፍንጫ እርጥብ ነው። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ እርጥብ አፍንጫ። ያን ያህል ጊዜ ኮረብታው ላይ ሲያስወጣቸው ማንም የእሱን አፍንጫ አላየም፤ ሁሉም የሚያየው እሱ ያሳየውን ነበር።

ያኔ ደሟ ፈላ። እሾኽዋ ከጀርባዋ እስከ ጭራዋ ተነስቶ ተንኳኳ።

«ከከዋክብት ሆኖ የሚያየው ማነው?» አለች። «እኛ የምናየው ከዚህ ሆነን ነው! ከዚህ ሆነን ስናይ እማማ ሽኮኮ ሞታለች!»

«እመት ጃርት፣ ተረጋጊ እንጂ…»

«አልረጋጋም!»

ለቀስተኛው ደነገጠ። ጭምቷ ጃርት ስትጮህ የሰማ አልነበረምና ሐዘኑ ያናወዛት መሰላቸው። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ቀን ልቧ ጸድቶ አያውቅም።

በማግስቱ ማለዳ ገንዳው ጭራሽ ደርቆ ተገኘ። አያ ቀበሮ እጁን አጣምሮ ቆሞ «ምንጭም እንደ እኛው ብናኝ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ያልፋል» አለ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይሄ ነው። እመት ጃርት ባዶ ቅሏን ይዛ ስትመለስ ቆንጥር ከተኛበት አልተነሳም። ጠራችው፤ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። ከንፈሩ ተልጧል። ይህን ቀን ካለ ውሃ ከዋለ ነገን እንደማያይ ገባት።

ልጇን በጀርባዋ እንዳታዝለው እሾኽዋ አለ። በአፏ አንጠልጥላ አባ ጉሬዛ ከሚቀመጡበት ዋርካ ሥር ሄዳ አስተኛችው።

«አቤት አቤት!» አለች። «አባቴ፣ አውጫጭኝ እፈልጋለሁ።»

አውጫጭኝ የዚያ አገር የጥንት ሕግ ነው። ነገር ተሰርቆ ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ፣ አገሩ በሙሉ በእሾህ አጥር ይገባል። ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይበላም፣ ማንም አይጠጣም። አልገባም ያለ፣ ሌባው እሱ ነው።

አባ ጉሬዛ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁልቁል ተመለከቷት።

«እመት ጃርት» አሉ፣ «ከዚህ ሁሉ ሰማይ በታች ስለ አንድ ቅል ውሃ አገር ሙሉ ይታጎራል? ትንሽ አይሆንብሽም?»

«አባቴ፣ እርስዎን የሾምንዎ በምድር ላይ ነው። ሰማይ የራሱ ዳኛ አለው፣ የእርስዎን እርዳታ አልጠየቀም። የእኔ ልጅ ግን ይኸው ከእግርዎ ሥር ተኝቷል።»

አባ ጉሬዛ ወደ ልጁ አዩ። ቶሎ ብለውም ዓይናቸውን መለሱ። አውጫጭኝ የጠየቀ አይከለከልም፤ ሕጉን ያውቁታል። ዋርካው ላይ ቆመው አዋጁን አስነገሩ።

ፀሐይ ሳትከር አገሩ በሙሉ ከእሾህ አጥሩ ገባ። አያ ጅቦ በሩ ላይ ተጋደመ፤ እሱን አልፎ የሚወጣ የለም። አያ ቀበሮ የገባው እየሳቀ ነው። ለምን አይስቅ? ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረ ሰው ነው። «ብናኝ ብናኝን ሰረቀ ብሎ አቤት አለ!» እያለ ከመሃል ተቀመጠ።

እመት ጃርትም ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። በልቧ የያዘችው አንድ ነገር ነው። ጥምን የለመደ ይችለዋል፤ አፉን መዝጋት፣ አለመንቀሳቀስ፣ ምራቁን መቆጠብ ያውቃል። ያልለመደው ግን አንድ ቀን አይችልም። ከዚህ ሁሉ አውሬ መሃል ያልለመደው ማን እንደሆነ ፀሐይዋ ታወጣዋለች። የሚያስፈራት ሌላ ነው። ቆንጥር ከእቅፏ ነው ያለው፤ እሱስ እስከዚያ ይቆያል ወይ?

ስለዚህ ጊዜውን ልታሳጥረው ቆረጠች። ድምጿን አለስልሳ፣

«አያ ቀበሮ» አለች፣ «ትናንት ስለጮህኩብዎ ይቅር ይበሉኝ። ተቀምጠን ከምንውል እስቲ ስለ ኮከቦቹ ይንገሩን።»

ቀበሮ ደስ አለው። ወሬ የሚወድ ሰው ሲለምኑት መቼ እምቢ ይላል? ጀመረ። «ያቺ ማታ የምታበራዋ…» እያለ ያወራል።

«ከእሷስ ወዲያ ምን አለ?» ትለዋለች ጃርት።

«ሌላ አለ።»

«ከሌላውስ ወዲያ?»

«ሌላ አለ።»

«እባክዎ ስለ እሱም ይንገሩን።»

ይነግራል። ሌሎቹ አፋቸውን ዘግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የየራሳቸው ጥላ ላይ ኩርምት ብለዋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። አጥር ውስጥ ዛፍ የለም። ቀበሮ ያወራል። ምላሱ ከንፈሩን አንዴ ላሰ፣ ደገመ። ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ፣ ተመለሰ። አፍንጫው መድረቅ ጀመረ።

«ከእሱስ ወዲያ፣ አያ ቀበሮ?»

«አልኩ እኮ፣ ሌላ…» ድምፁ ሻከረ። «ሌላ አለ።»

በዚህ መሃል ቆንጥር ዓይኑን ከደነ። እመት ጃርት ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች፤ ልቡ ትመታለች፣ ግን እንደ ምንጩ ጠብ ጠብ እያለች ነው። ሚዳቋዋ ተንፏቃ ተጠጋቻት።

«እመት ጃርት፣ በናትሽ ይቅርብሽ» አለች በሹክሹክታ። «ልጅሽ ሊሞት ነው። ተነሺና ትቼዋለሁ በይ፣ እንውጣ።»

«ወጥተን የት እንሂድ? ወደ ደረቀው ገንዳ?»

«እንግዲህ እግዜር ያመጣውን…»

«እግዜር ያመጣው ውሃ ነበር!» አለች ጃርት፣ ጥርሷን ነክሳ። «የወሰደው ሌላ ነው። ልጄ ቢሞት እዚሁ ይሙት፣ የገደለው ዓይን እያየ። ቤቴ ወስጄ፣ ብናኝ ነበር ብዬ አልቀብረውም።»

ደረቅ ምላሷን አውጥታ የልጇን ከንፈር ላሰች። እሾኽዋን ግን አላነሳችም። ፊቷን ወደ ቀበሮ መለሰች።

«ከእሱስ ወዲያ፣ አያ ቀበሮ?»

ቀበሮ ምላሱ ተንጠልጥሏል። ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይላል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ወንድሜ፣ ለአንዳፍታ ልውጣና ልመለስ።»

«ለምን?»

«ለሽንት።»

«እዚሁ ሽና» አለ ጅብ። እሱም ቢሆን ነገሩ እየገባው ነበር።

ጀምበር ገባች። ኮከቦቹ አንድ ባንድ መውጣት ጀመሩ። ያኔ እመት ጃርት ልጇን ለሚዳቋዋ አስታቀፈቻትና ተነሳች። ድምጿን ማለስለስ ተወች፣ «እርስዎ» ማለትም ተወች።

«ቀና በል እንጂ፣ ቀበሮ! ይኸው ወጡልህ። ከእሷ ወዲያ ሌላ አለ፣ ከሌላው ወዲያ ሌላ አለ። አንተ ምንድን ነህ?»

«ውሃ…» አለ ቀበሮ።

«አንተ ምንድን ነህ?»

«እመት ጃርት፣ ሞትኩ! አንዲት ጉንጭ!»

«ብናኝ አይሞትም! የብናኝ ጥም ምን የሚሉት ጥም ነው? እማማ ሽኮኮን እንዲህ ብለህ አይደል የቀበርካት? ለቅሶ ላይ እንዲህ ብለህ አይደል ያጽናናኸን? እስቲ ተጽናና! ሰማዩ ያው ነው፣ ኮከቦቹ ያው ናቸው። ምነው ትናንት ትልቅ የነበረው ሰማይ ዛሬ ጉሮሮህን አላረጠበውም?»

እሾኽዋ ሁሉ ተነስቶ እየተንኳኳ ወደ እሱ ሄደች። ቀበሮ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል ጀርባው የእሾህ አጥሩን ነካ። ከወዲህ እሾህ፣ ከወዲያ እሾህ።

«ከዋሻዬ አለ!» ብሎ ጮኸ። «ከቋጥኙ ጀርባ፣ ከዋሻዬ ውስጥ ብዙ አለ! ሂዱና አምጡ! ለእኔም አንዲት ጉንጭ ስጡኝ፣ አንዲት ጉንጭ ብቻ!»

ከዚያ አያ ጅቦ ከበሩ ላይ ተነሳ።

ሄዱ፣ ገቡ፣ አዩ። ዋሻው ከአፉ እስከ ጓዳው በቅል ተሞልቷል፤ ቅል በቅል ላይ ተደርድሯል። ከፊት ያሉት ንጹሕ ናቸው። ከኋላ ያሉት ከመቆየታቸው ብዛት አረንጓዴ ለብሰው ሸትተዋል። ሰማችሁ? ሸትተዋል! ጠጥቶ እንኳን አልጨረሰውም። እማማ ሽኮኮ በጥም ስትሞት የእሷ ውሃ እዚያ ተቀምጦ ይሻግት ነበር።

መጀመሪያ የጠጣው ቆንጥር ነው። እናቱ በጠብታ በጠብታ ከንፈሩን አራሰችው። ጠብታው እንደገባ ዋጠ፤ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ፤ ቆይቶ «ጨምሪልኝ» አለ። ይህን ጊዜ ነው እመት ጃርት ቁጭ ብላ ያለቀሰችው።

አውሬው ግን አላለቀሰም። ጅቡ ጥርሱን አገጠጠ፣ ሁሉም ቀበሮን ሊቦጫጭቀው ተነሳ። አባ ጉሬዛ መሃል ገብተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ተው፣ ተው! ጥፋቱ ጥፋት ነው። ግን የተማረ ነው፣ እንዲህ ሰማይን የሚያውቅ ሌላ የለንም። ይቅር እንበለው።»

እመት ጃርት እንባዋን ጠርጋ ተነሳች።

«አባቴ፣ እሱ የተናገረውን እኔም አምናለሁ» አለች። «ሰማዩ ትልቅ ነው፣ እኛም ትንሽ ነን። ይህን ከእሱ ተምሬያለሁ፣ አልክድም። ግን ያን ሁሉ ማታ ቀና ብዬ ፈልጌአለሁ፣ ሌላ ምንጭ አላየሁበትም። ሌላ ሽኮኮም አላየሁበትም። ያን የሚያህል ሰማይ ተፈልጎ አንዲት ጠብታ የሚገኘው እዚህ ከሆነ፣ ጠብታዋን የሰረቀ ሰማይን ሙሉ ሰርቋል። እርስዎም እኛን ይዩልን ብለን ብናስቀምጥዎ ሽቅብ ሲያዩ ከረሙ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት የእርስዎ ዳኝነት ነው!»

አባ ጉሬዛ ነጭ ካባቸው ውስጥ አንገታቸውን ቀበሩ።

«ምን ይፈረድበት?» አሉ አውሬዎቹ።

«አትግደሉት» አለች ጃርት። «አዝኜለት አይደለም፣ አላዝንለትም። ሞት ፈጥኖ ይገላግለዋል። ምንጩ ላይ ይሰለፍ። ቅሉን ይዞ፣ ከሁላችንም ኋላ፣ ከጉንዳን ኋላ ይሰለፍ። የተረፈ እንደሆነ ይጠጣ፣ ያልተረፈ እንደሆነ ሰማዩን ይይ።»

እንደዚያው ተፈረደ። ከዚያም «እመት ጃርት፣ የውሃ አባትነቱን አንቺ ያዢው» ብለው ቢለምኗት እንደገና ቱግ አለች።

«እኔን ሾማችሁ እናንተ ደግሞ ልትተኙ? ሌላ ሰማይ የሚያሳያችሁ ፈልጋችሁ ነው? በየተራ ጠብቁ! ዛሬ ሚዳቋ፣ ነገ ጅብ፣ ከነገ ወዲያ ጉንዳን። ሁላችሁም ዓይናችሁን ገንዳው ላይ አድርጉ!»

ሳይወዱ በግድ ተቀበሉ። የገንዳው ውሃም እንደ ድሮው ለሁሉም በቃ፤ ዝናብ እስኪመጣ አንድም ነፍስ አልጠፋም።

አያ ቀበሮ ከጉንዳን ኋላ መሰለፉን አልቻለውም። አንድ ማታ ቅሉን ጥሎ ከአገር ጠፋ። ይኸው እስከ ዛሬ ሲመሽ ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ሲያላዝን ትሰሙታላችሁ። ኮከቦቹን ውሃ እየለመናቸው ነው። እስካሁን የመለሰለት የለም።

ተረቴ አለቀ፣ ንዴቴ አላለቀም፤ የቀረውን እናንተ ተናደዱልኝ። ሰማይ ሲያሳዩህ ቅልህን ያዝ።